ሦስተኛው ወገን ማነው?
የሞተር ሳይክልና የመድን ሕግ ታሪክ

(በሬዲዮ ለጎልማሶች መሠረተ ትምህርት ከቀረበው ንግግር የተጻፈ)



ትናንት ፊደል ስትቆጥሩ ነበር። ዛሬ ሙሉ ገጽ ለማንበብ በቅታችኋል። እንኳን ደስ ያላችሁ! ማንበብ ግን ለመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በኪሳችን የምንይዘውንም ወረቀት ለማወቅ ነው። የዛሬው ትምህርታችን ስለ አንድ ወረቀት ነው። ይህ ወረቀት የሞተር ሳይክል የመድን ወረቀት ነው።

እስቲ ደምበጫን እንመልከት። ደምበጫ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ያልፋል። አውቶቡስ ያልፋል። ባጃጅና ሞተር ሳይክል ይርመሰመሳሉ። በዚያው መንገድ ዳር አህያዋን በርበሬ ጭና የምትነዳ እናት አለች። ደብተሩን በብብቱ ይዞ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ አለ። በትሩን በትከሻው ያጋደመ ሽማግሌ አለ። እነዚህ ሰዎች ሞተር የላቸውም። ከሞተር ጋርም ውል የላቸውም። ነገር ግን ሞተሩ ቢስት የሚመታው እነሱን ነው። የዛሬው ታሪክ የእነሱ ታሪክ ነው።

የሚዋጋ በሬ

ንብረቱ ሰው ቢጎዳ ባለቤቱ ይጠየቃል። ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 21 ስለሚዋጋ በሬ ተጽፏል። በሬው ተዋጊ መሆኑን ባለቤቱ እያወቀ ሳይጠብቀው ቢቀርና ሰው ቢገድል፣ ባለቤቱ በብርቱ ይጠየቃል። ገበሬ ይህን ለመረዳት ዳኛ መሆን አያስፈልገውም። በሬው የማን ነው? የእኔ ነው። እንግዲያው ጥፋቱም የእኔ ነው።

በጎጃም አገራችንም ሰው ሲጎዳ ሽማግሌ ይቀመጣል። ካሳ ይቆረጣል። የጎጂው ዘመድ ከየቤቱ ገንዘብ ያዋጣል። ካሳው ተከፍሎ እርቅ ካልወረደ ነገሩ ወደ ደም መመላለስ ይሄዳል። ስለዚህ ካሳ ማለት ገንዘብ ብቻ አልነበረም። የሁለት ቤተሰብ ሰላም ነበር።

ደግሞም ሕዝባችን ችግርን አንድ ላይ መሸከም ያውቃል። ሥራ ሲበዛ ወንፈል አለ። ሞት ሲመጣ እድር አለ። በእድር ሁሉም በየወሩ ጥቂት ጥቂት ያዋጣል። መከራው የደረሰበት ሰው ግን ብዙ ያገኛል። ይህን አሳብ በልባችሁ ያዙት። ኋላ እንመለስበታለን።

ሞተር ሲመጣ

በሬ የሚሄደው በእግሩ ነው። ሞተር ግን ይበራል። ሞተር ከመጣ ወዲህ ጉዳቱም በዛ፤ ካሳውም ከበደ።

በ1885 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጀርመን አገር ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባህ የተባሉ ሰዎች በቤንዚን የሚሄድ ባለሁለት እግር ተሽከርካሪ ሠሩ። አካሉ ከእንጨት ነበር። የዛሬው ሞተር ሳይክል አባት እሱ ነው ይባላል።

በ1888 ዓ.ም. አባቶቻችን አድዋ ላይ ድል ያደረጉት በየካቲት ወር ነው። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በእንግሊዝ አገር፣ በለንደን ከተማ፣ ብሪጅት ድሪስኮል የተባለች እናት በመኪና ተገጭታ ሞተች። በእንግሊዝ አገር በነዳጅ መኪና ተገጭተው ከሞቱት እግረኞች የመጀመሪያዋ እሷ ናት ተብሎ ይጻፋል። መርማሪዎቹም ሞቷ ድንገተኛ አደጋ ነው ብለው ፈረዱ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የመጀመሪያዋ ተጎጂ መኪና ያልነበራት፣ በእግሯ የምትሄድ ሴት ነበረች።

ወደ አገራችን መኪና የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ መንገዱም መኪናውም ጥቂት ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን ሲወር ለጦሩ ብሎ መንገድ ጠረገ። ከጦሩም ጋር ሞተር ሳይክል መጣ። ከነፃነት በኋላ መኪናው እየበዛ ሄደ። በመጨረሻም ባለሦስት እግሩ መጣ። ባጃጅ የምንለው ስም የህንድ ፋብሪካ ስም መሆኑን ታውቁ ነበር? ፋብሪካው ስሙን ለተሽከርካሪው ሰጠ፤ እኛም ተቀበልነው።

ፍርድ አለ፣ ገንዘብ የለም

በ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ። ይህ ሕግ የሚዋጋውን በሬ ነገር ለሞተርም አደረገው። በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል ይላል። በቁጥር 2081 ደግሞ የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል ይላል።

ይህን ሁለተኛውን ቁጥር ረጋ ብለን እንየው። ባለቤቱ የሚጠየቀው ራሱ ሲነዳ ብቻ ነውን? አይደለም! ሌላ ሰው ቢነዳውም ይጠየቃል። ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳውም ይጠየቃል። ሞተሩ ተሰርቆ እንደነበረ ካስረዳ ግን ከኃላፊነት ይድናል።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሰው ሞተር አለው እንበል። ታናሽ ወንድሙ “ጋሼ፣ እስቲ ለአንድ አፍታ ስጠኝ” ይለዋል። ወንድሙ መንጃ ፈቃድ የለውም። “እሺ፣ ቶሎ ተመለስ” ብሎ ቁልፉን ይሰጠዋል። ልጁ ሄዶ አንዲት እናት ይገጫል። እግሯ ይሰበራል። በወንጀል ልጁ ይጠየቃል። በካሳ ግን ባለቤቱም ይጠየቃል። “እኔ ቤቴ ተቀምጬ ነበር” ማለት አያድነውም።

እሺ፣ ዳኛው ፈረደ እንበል። “ክፈል” አለ። ባለሞተሩ ግን ከሞተሩ በቀር ንብረት የለውም። ሞተሩም ተሰባብሯል። ምን ይሆናል? ተጎጂዋ የፍርድ ወረቀት ይዛ ትቀራለች። ወረቀት ደግሞ መድኃኒት አይገዛም። ባለሞተሩም በሬውን ይሸጣል፤ ዕዳ ይገባል። አንድ አደጋ ሁለት ቤት ያፈርሳል።

ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዘመን ነገሩ እንዲህ ነበር። የመካስ ግዴታ በሕግ ተጽፏል። የሚካስበት ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ግን አልተጻፈም ነበር።

መድን ማለት ምን ማለት ነው?

መድን የሚለው ቃል በአማርኛ የቆየ ቃል ነው። ዋስ፣ መከታ ማለት ነው። ዋስ “እሱ ቢያቅተው እኔ አለሁ” ይላል። የመድን ድርጅትም የሚለው ይህንኑ ነው። ኢንሹራንስ የሚባለውም እሱ ነው።

አሁን ወደ እድሩ እንመለስ። አንድ የሒሳብ ምሳሌ እንሥራ። 100 ባለሞተሮች አሉ እንበል። እያንዳንዳቸው በዓመት 500 ብር ያዋጣሉ።

100 ጊዜ 500 ስንት ነው? 50,000 ብር ነው።

በዓመቱ ውስጥ ከ100ው አንዱ ሰው ገጨ። ካሳው 40,000 ብር ሆነ። ብቻውን ቢሆን ኖሮ በሬውን ይሸጥ ነበር። አሁን ግን ከተዋጣው ይከፈላል። እሱ ያወጣው 500 ብር ብቻ ነው። ይህ ምሳሌ ነው እንጂ የድርጅቶች ዋጋ አይደለም። አሠራሩ ግን ይኸው ነው። በየዓመቱ ለመድን የሚከፈለው ገንዘብ ዓረቦን ይባላል።

“ታዲያ ካልገጨሁ ገንዘቤ ቀለጠ ማለት ነው?” የሚል አይጠፋም። እናንተስ በእድር ገንዘባችሁ ቀለጠ ትላላችሁ? ቤታችሁ ሞት ስላልገባ ታዝናላችሁ? አታዝኑም። “ተመስገን” ትላላችሁ። መድንም እንዲሁ ነው።

መድን ወደ አገራችን እንዴት ገባ?

መድን በአገራችን የጀመረው ከባንክ ጋር ነው። የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት ለውጭ አገር የመድን ኩባንያዎች ወኪል ሆኖ ይሠራ ነበር። ያን ጊዜ መድን የሚገባው ነጋዴው ነበር። ለዕቃው፣ ለእሳትና ለባሕር አደጋ ብሎ ይገባል። ለገበሬና ለእግረኛ የሚተርፍ ነገር አልነበረውም።

ቆይቶ የአገር ውስጥ ኩባንያዎችም ተቋቋሙ። በአብዮቱ ዘመን፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. መንግሥት 13 የመድን ኩባንያዎችን ወረሰ። በ1968 ዓ.ም. እነዚህ ተጠቃልለው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት በ11 ሚሊዮን ብር ካፒታል ተቋቋመ። በ1986 ዓ.ም. ደግሞ የግል ኩባንያዎች እንዲሠሩ በአዋጅ ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ብዙ የግል ኩባንያዎች ተከፍተዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የተሽከርካሪ መድን በፈቃድ ነበር። የፈለገ ይገባል፤ ያልፈለገ ይተዋል። ማን ይገባ ነበር? አዲስ መኪና ያለው፣ ከባንክ የተበደረ፣ ሀብታም ድርጅት። የድሃው ሞተር የገጨው ሰው ግን ባዶ እጁን ይቀር ነበር። ተጎጂ የሚገጨውን መርጦ አይገጭም!

በሌላው ዓለምም ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። እንግሊዝ በ1922 ዓ.ም. ባወጣችው የመንገድ ሕግ መድን የሌለው ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ እንዳይነዳ ከለከለች። ከብሪጅት ድሪስኮል ሞት እስከዚህ ሕግ 34 ዓመት አለፈ። ሌሎች አገሮችም ተከተሉ።

የ2000 ዓ.ም. አዋጅ

በአገራችን ይህ ግዴታ የመጣው በ2000 ዓ.ም. ነው። አዋጅ ቁጥር 559/2000 ወጣ። ስሙ የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ነው። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተካ።

የአዋጁ ፍሬ ነገር አጭር ነው። የሦስተኛ ወገን መድን የሌለውን ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ መንዳት አይቻልም። ሌላ ሰው እንዲነዳው መፍቀድም አይቻልም። ሞተር ሳይክልም ተሽከርካሪ ነው። “እግሩ ሁለት ስለሆነ አይቆጠርም” ማለት አይቻልም። ያለ መድን የነዳ በእስራትና በገንዘብ ይቀጣል።

ለመሆኑ ሦስተኛው ወገን ማነው? እንቁጠር።

አንደኛው ወገን መድን የገባው ባለሞተር ነው።
ሁለተኛው ወገን መድን ሰጪው ድርጅት ነው።
ሦስተኛው ወገን በውሉ ውስጥ የሌለው፣ ጉዳት የሚደርስበት ሰው ነው።

በርበሬ የጫነችው እናት፣ ደብተር የያዘው ልጅ፣ በትር ያጋደመው ሽማግሌ፤ ሦስተኛ ወገን ማለት እነሱ ናቸው። አልፈረሙም። ዓረቦን አልከፈሉም። ወረቀቱ ግን ለእነሱ ይቆማል።

በ2005ቱ አዋጅ የተወሰነው የገንዘብ ልክ ይህ ነበር። ለሞት ከ5,000 ብር የማያንስ፣ ከ40,000 ብር የማይበልጥ። ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር። ለንብረት ጉዳት እስከ 100,000 ብር። ለአስቸኳይ ሕክምና እስከ 2,000 ብር። የገንዘብ ልክ በአዲስ ሕግ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ መድን ስትገቡ “ዛሬ የሚሠራው ልክ ስንት ነው?” ብላችሁ ጠይቁ።

እነዚህን ቁጥሮች አንብባችሁ አንድ ነገር ታዘባችሁ? ለንብረት የተወሰነው ጣሪያ ለሰው ሕይወት ከተወሰነው ጣሪያ ይበልጥ ነበር። የሰው ልጅ ከመኪና ያንሳል ማለት ነው? አይደለም። ይህ ድርጅቱ በግዴታ የሚከፍለው ልክ እንጂ የሰው ዋጋ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ካሳ የሚለካው በደረሰው ጉዳት ነው። ጉዳቱ ከመድኑ ልክ ከበለጠ፣ ትርፉን ባለቤቱ ከራሱ ኪስ ይከፍላል። ስለዚህ መድን ገብቻለሁ ብሎ እንደ ልቡ የሚነዳ ሰው ተሳስቷል።

መድኑ የማይሠራው ነገር

የሦስተኛ ወገን መድን የራሳችሁን ሞተር አይጠግንም። አሽከርካሪውንም ራሱን አይክስም። ለእነዚህ ሌላ ዓይነት መድን አለ፤ እሱ በፈቃድ ነው።

ደግሞ ያለ መንጃ ፈቃድ ወይም ሰክሮ የነዳ ሰው አይዝናና። ድርጅቱ ለተጎጂው ከከፈለ በኋላ ዞሮ ገንዘቡን ከጥፋተኛው ሊጠይቅ ይችላል። የደምበጫ አረቄ ስሙ በአገር የታወቀ ነው። የጠጣ ሰው ግን ቁልፉን ለባለቤቱ ይስጥ፤ በእግሩም ይሂድ።

ገጭቶ ያመለጠስ?

ሞተረኛው ገጭቶ ቢያመልጥስ? ታርጋውም ባይታይስ? መድንም ባይኖረውስ? ሕጉ ይህንም አስቦበታል። የመድን ፈንድ የሚባል ገንዘብ አለ። ገንዘቡ የሚመጣው ከየዓረቦኑ ላይ እየተነሣ ነው። የገጨው ካልታወቀ ወይም መድን ከሌለው፣ ተጎጂው ከዚህ ፈንድ ይካሳል። ይህን የሚመራው መሥሪያ ቤት የመንገድ ደህንነትና የመድን ፈንድ አገልግሎት ይባላል። ያለ መድን የገጨው ሰው ከተገኘ ደግሞ ፈንዱ ገንዘቡን ከእሱ ያስመልሳል።

ስለ ሕክምናም እናውቅ። በተሽከርካሪ የተጎዳ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሲደርስ፣ “መጀመሪያ ገንዘብ አምጣ” ሳይባል አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ አዋጁ ያዛል። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ ገንዘብ ሲፈልግ ቁስለኛው በቤት ይሞታል። የሚያውቅ ቤተሰብ ግን ቶሎ ተሸክሞ ይሄዳል። ማወቅ ነፍስ ያድናል።

ወረቀቱን እናንብብ

አሁን የተማራችሁትን በሥራ አውሉት። ባለሞተር ከሆናችሁ የመድን ወረቀታችሁን አውጡና አንብቡ። አራት ነገር ፈልጉ።

1ኛ. ስም። የእናንተ ስም ነው? ሞተሩን ከሌላ ሰው ገዝታችሁ ስም ካላዛወራችሁ፣ ነገ አደጋ ቢደርስ ለሻጩም ለገዢውም ጭቅጭቅ ነው።

2ኛ. የታርጋ ቁጥር። በሞተሩ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው? ሊብሬና ታርጋ የሌለው ሞተር መድን ለመግባት ይቸገራል። ርካሽ ነው ተብሎ ወረቀት የሌለው ሞተር መግዛት ውሎ አድሮ ውድ ነው።

3ኛ. የሞተርና የሻንሲ ቁጥር። አንድ አኃዝ ቢሳሳት እንዲታረም ጠይቁ።

4ኛ. የሚያበቃበት ቀን። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ! ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ ሊሆን ይችላል። በእኛ 2018 የሚባለው ዓመት በአውሮፓ በ2025 ጀምሮ በ2026 ያልቃል። ወረቀቱ ላይ 2026 የሚለውን ያየ ሰው “ገና 8 ዓመት አለኝ” ቢል ጉድ ይሆናል። የሚያበቃው ግን በዚያው ዓመት ነው። ካልገባችሁ ጸሐፊውን “በኢትዮጵያ አቆጣጠር መቼ ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም።

ቦሎ ለማደስም ይህ ወረቀት ይፈለጋል። ወረቀቱን ከሞተሩ ጋር ያዙት። ትራፊክ ፖሊስ ሲጠይቅ አሳዩት።

አደጋ ከደረሰ

አትሽሹ። ተጎጂውን ወደ ሕክምና አድርሱ። ለፖሊስ አመልክቱ። ለመድን ድርጅቱ ቶሎ አስታውቁ።

ተጎጂ ወይም የተጎጂ ቤተሰብ ከሆናችሁ ደግሞ የታርጋውን ቁጥር ጻፉ። አሁን መጻፍ ትችላላችሁ! የሕክምናውን ወረቀትና ደረሰኝ አትጣሉ። የፖሊሱን ማስረጃ ውሰዱ። የካሳ ክስ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ሽማግሌ ቢያስታርቅ መልካም ነው። እርቅ ሰላም ያወርዳል። ነገር ግን ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ፤ በጣታችሁም አትተሙ። ጥቂት ገንዘብ ተቀብላችሁ “ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም” በሚል ወረቀት ላይ ከፈረማችሁ ኋላ ይቆጫችኋል። መጀመሪያ አንብቡ፤ ከዚያ አስቡ፤ ከዚያ ፈርሙ።

ውድ አንባቢዎች፣ የሚዋጋውን በሬ ባለቤቱ ያስረው ነበር። ሞተርን በገመድ አናስርም። በሕግ፣ በጥንቃቄና በመድን እንይዘዋለን። ባለሞተር ያልሆነ ሁሉ ሦስተኛ ወገን ነው። ባለሞተሩም ቢሆን ከሞተሩ ወርዶ በእግሩ ሲሄድ ሦስተኛ ወገን ነው። ስለዚህ ሕጉ የሁላችንም ነው።

ጥያቄዎች

1. ሦስተኛ ወገን ማለት ማን ነው? ከሠፈራችሁ ሦስት ምሳሌ ጻፉ።
2. ሞተራችሁን ለወንድማችሁ ብታውሱት ለካሳ ማን ይጠየቃል?
3. መድንና እድር በምን ይመሳሰላሉ? በምን ይለያያሉ?
4. 80 ሰዎች እያንዳንዳቸው 600 ብር ቢያዋጡ ስንት ብር ይሆናል?
5. የምታውቁት ባለሞተር ካለ፣ የመድን ወረቀቱ የሚያበቃበትን ቀን አንብባችሁ ንገሩት።

በደኅና ያገናኘን።